ጥልፍና ጠለፋ፦ ከሞዴል ባቡር ጠረጴዛ ሥር የወጣ ቃል

የአማርኛ ዜና «ሃከር» የሚለውን የእንግሊዝኛ ቃል ብዙ ጊዜ «የመረጃ ጠላፊ» ብሎ ይተረጉመዋል። ይህን የሰማ ሰው ፊት ቶሎ የሚደቀነው ሌባ ነው፤ የሰው የባንክ ሒሳብ የሚበረብር፣ የማይመለከተውን ደብዳቤ የሚከፍት፣ የመንግሥት መሥሪያ ቤትን ድረ ገጽ የሚዘጋ። ቃሉ ዛሬ ወደ ያዘው ትርጉም ያመራበት መንገድ የተጀመረው ግን ባንክ አጠገብ አይደለም። በአንድ ያረጀ የእንጨት ሕንፃ ውስጥ፣ ትንንሽ ባቡሮች በሚሽከረከሩበት ሰፊ ጠረጴዛ ሥር፣ በጀርባቸው ተንጋለው ሽቦ ሲያያይዙ በሚያመሹ ተማሪዎች መካከል ነው። ተማሪዎቹ የተጨነቁበት ጥያቄም ለሌላ ሰው የልጅ ጨዋታ ይመስል ነበር፦ የሞዴል ባቡር ሐዲድ መቀየሪያን ማን፣ የት ቆሞ፣ በምን ያንቀሳቅሰው? (በዚህ ጽሑፍ ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መሪ የሌለው ተሽከርካሪ

መኪና መሪ አለው፤ ባቡር የለውም። ባቡር ነጂ ፍጥነቱን ይቆጣጠራል፣ ፍሬን ይይዛል፣ ፊሽካ ይነፋል እንጂ አቅጣጫውን አይመርጥም። ሐዲዱ ለሁለት በሚከፈልበት ቦታ ሁለት ሹል የብረት ዘንጎች አሉ። እነሱ ጥቂት ጣት ወደ ግራ ወይም ወደ ቀኝ ሲገፉ የባቡሩ መንገድ ይለወጣል። ስለዚህ ባቡሩ የሚደርስበትን የሚወስነው ከባቡሩ ውጭ የቆመ ሰው ነው። ያ ሰው ከተሳሳተ፣ ካንቀላፋ ወይም ክፉ ካሰበ፣ ነጂው ምንም ጎበዝ ቢሆን አያድንም።

ትልቁ ባቡር ለዚህ ጭንቀት መልስ መፈለግ የጀመረው ገና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው። እንግሊዛዊው ጆን ሳክስቢ በ1856 ባስመዘገበው የፈጠራ መብት የሐዲድ መቀየሪያዎችንና የምልክት ሰሌዳዎችን መዘውሮች በአንድ ላይ አቆላለፈ። አንዱ መዘውር ከሌላው ጋር የሚጋጭ ትእዛዝ ለመስጠት ሲሳብ አልሳብም ይላል። ሠራተኛው ሁለት ባቡሮችን ፊት ለፊት ሊያጋጭ ቢሞክር እንኳ ብረቱ ይከለክለዋል። ከዚህ በኋላ የመንገደኛው ደኅንነት በአንድ ሰው ንቃት ላይ ብቻ የተንጠለጠለ መሆኑ ቀረ።

በጠረጴዛ ላይ ያለው ባቡር ይህንኑ ችግር በትንሹ ይወርሳል። በብዛት የሚሠራበት የሞዴል መጠን ከእውነተኛው 87 ጊዜ ያንሳል፤ 25 ሜትር ርዝመት ያለው ፉርጎ 29 ሴንቲሜትር ገደማ ይሆናል ማለት ነው። መቀየሪያዋ ደግሞ የክብሪት እንጨት የምታህል ናት። እሷን ለማንቀሳቀስ ቀላሉ መንገድ ጣት ነው። ጣት ዋጋ የለውም፣ አይቃጠልም፣ ሽቦ አይፈልግም። ባለቤቱ ከባቡሩ ጋር ጎን ለጎን እየሄደ፣ ቆም ብሎ፣ መቀየሪያውን ገፍቶ፣ ባቡሩን ያሳልፋል። ብዙ ሰዎች እስከ ዛሬ ከዚህ የተሻለ አያስፈልገንም ይላሉ፤ አንድ ሰው፣ አንድ ባቡር፣ አንድ ትንሽ ጠረጴዛ እስከሆነ ድረስ ትክክል ናቸው።

ጠረጴዛው ሲሰፋ ግን ክንድ ያጥራል። ሁለተኛው መንገድ ኤሌክትሪክ ነው። ከመቀየሪያው ሥር ሁለት የመዳብ ሽቦ ጥቅሎች ይቀመጣሉ፤ በመካከላቸው አንድ የብረት ዘንግ አለ። አንዱ ጥቅል ኤሌክትሪክ ሲያገኝ ዘንጉን ወደ ራሱ ይስባል፣ ሌላው ሲያገኝ ወደ ሌላው ወገን ይመልሳል። የሚያስፈልገው የቅጽበት ኤሌክትሪክ ብቻ ነው። ቁልፉ ተጭኖ ከቀረ ጥቅሉ ግሎ ይቃጠላል። ስለዚህ ብልሆቹ ኤሌክትሪኩን አስቀድመው በካፓሲተር ያጠራቅሙና በአንድ ምት ይለቁታል። ካፓሲተሩ ከተራገፈ በኋላ ቁልፉ ቢጣበቅ እንኳ የሚያቃጥል ጉልበት አይኖርም። በኋላ ዘመን የመጣው ዝግተኛ ሞተር ደግሞ መቀየሪያውን እንደ እውነተኛው ሐዲድ ቀስ አድርጎ ይገፋና እዚያው ተጭኖ ይይዘዋል።

ከዚህ ቀጥሎ የሚመጣው የሽቦ ብዛት ነው። ባለ ሁለት ጥቅል አንድ መቀየሪያ ሦስት ሽቦ ይፈልጋል፤ 50 መቀየሪያ 150 ሽቦ። ከሁሉም የሚከብደው ግን ሰው ሲበዛ ነው። በዚያ ዘመን የሞዴል ባቡር ኤሌክትሪኩን የሚያገኘው በቀጥታ ከሐዲዱ ነበር፤ ሐዲዱ ላይ ያለ ባቡር ሁሉ አብሮ ይሄዳል፣ አብሮ ይቆማል። ሁለት ሰዎች ሁለት ባቡር ለየብቻ እንዲነዱ ከተፈለገ ሐዲዱ ተቆራርጦ በክፍል በክፍል መለየት አለበት። እያንዳንዱ ክፍልም በአንድ ጊዜ ለአንድ ነጂ ብቻ ይሰጣል። እንግዲህ ማን የትኛውን ክፍል ያዘ? ማን ለማን ይለቃል? ጥያቄው ከሽቦ ወጥቶ የሰዎች ጉዳይ ሆነ።

20ኛው ሕንፃ

አሜሪካ፣ ካምብሪጅ በሚገኘው የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም፣ በተለምዶ ኤምአይቲ በሚባለው፣ 20 ቁጥር የሚባል ሕንፃ ነበር። በ1943 በጦርነቱ መካከል ለራዳር ምርምር በጥድፊያ ከእንጨት የተሠራ ሲሆን ጦርነቱ ሲያልቅ ሊፈርስ ታስቦ ነበር። አልፈረሰም፤ እስከ 1998 ድረስ ቆመ። ያማረ ስላልነበረ ማንም አይሳሳለትም፤ ግድግዳ መብሳት፣ ሽቦ መዘርጋት፣ ወለል መቅደድ የሚፈልግ ሁሉ እንዳሻው ያደርግ ነበር። በ1946 የተመሠረተው የተማሪዎች የሞዴል ባቡር ክበብ ቤቱን የሠራው እዚህ ሕንፃ ውስጥ ነው።

ክበቡ ሁለት ዓይነት ሰዎች ነበሩት። አንዶቹ ከጠረጴዛው በላይ ያለውን ዓለም የሚወዱ ናቸው፦ ፉርጎዎቹን በትክክለኛ ቀለማቸው መቀባት፣ ኮረብታና ድልድይ መሥራት፣ የጥንት የባቡር ኩባንያዎችን ታሪክ ማጥናት። ሌሎቹ ከጠረጴዛው በታች ያለውን ይወዱ ነበር። ይህ ወገን የምልክትና የኃይል ንዑስ ኮሚቴ ይባላል። ለነሱ ባቡሩ ምክንያት ብቻ ነው፤ ቁም ነገሩ ባቡሩን የሚመራው የሽቦ ጫካ ነው።

ለዚህ ጫካ የሚሆነው ዕቃ ከስልክ ኩባንያ መጣ። የክበቡ አማካሪ የነበሩት መምህር የተቋሙን የስልክ ሥርዓት ጭምር ይመሩ ስለነበር ተማሪዎቹ የስልክ ማዞሪያ መሣሪያዎችን የሚያገኙበት በር ተከፈተ። መደወያ ዲስኮች፣ ሪሌዎች፣ ክሮስባር የሚባሉት ትልልቅ ማገናኛዎች ወደ ክፍሉ ገቡ። የስልክ ማዞሪያና የባቡር መቀየሪያ በመልክ አይመሳሰሉም፤ በሥራ ግን ወንድማማች ናቸው። ሁለቱም የሚሠሩት መንገድ መምረጥ ነው፤ አንዱ ለድምፅ፣ ሌላው ለፉርጎ።

ዝምድናው ከዚህም ይጠልቃል። የስልክ ጥሪን ያለ ሰው እጅ የሚያገናኘውን ማሽን በ1891 ያስመዘገበው አልመን ስትሮውጀር ቀብር አስፈጻሚ ነበር። ታሪኩ እንደሚነገረው፣ የስልክ ማዞሪያዋ ሠራተኛ የሱን ደንበኞች ለተፎካካሪው እያገናኘች አስቸገረችው፤ እሱም ተናዶ ሠራተኛዋን የሚተካ መሣሪያ ሠራ። እውነትም ይሁን የተዋበ ወሬ፣ ታሪኩ የያዘው ፍርሃት የባቡር መንገደኛው ፍርሃት ነው፦ መንገዴን የሚመርጥልኝ ሰው ቢከዳኝስ?

ማን ይዟል?

ተማሪዎቹ ሁሉን መቀየሪያ በአንድ ሰሌዳ ላይ ሰብስበው አንድ አዛዥ ሊያስቀምጡበት ይችሉ ነበር። ይህ ቀላል ነው፤ አዛዡ ያዛል፣ ሌላው ይነዳል። እነሱ የሠሩት ግን ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ፣ በአንድ ሐዲድ የተለያዩ ቦታዎች ላይ፣ እየራሳቸው ባቡር የሚነዱበትን ሥርዓት ነው። ነጂው በስልክ መደወያ የሚፈልገውን የሐዲድ ክፍል ቁጥር ይደውላል። ዲስኩ ሲመለስ ቁጥሩን በምት ይቆጥራል፤ ሪሌዎቹ ቆጠራውን ይቀበላሉ፤ ክፍሉም ለሱ ይሰጣል። ኃይል ከአንዱ ክፍል ወደ ሌላው ሲተላለፍ ከጠረጴዛው ሥር የብረት መንቋቋት ይሰማል። በ1962 ሥርዓቱ 1,200 ገደማ ሪሌዎች ነበሩት።

ነፃነቱ አደጋም ነበረው፤ ሁሉም እየነዳ ማን ይጠብቃል? መልሱ ይኸውም ለሁሉ የተሰጠ ነበር። በክፍሉ ዙሪያ የአደጋ ጊዜ ማቆሚያ ቁልፎች ተተክለው ነበር። ባቡር ሊጋጭ ሲል ያየ ማንም ሰው፣ የነጂው ፈቃድ ሳያስፈልገው፣ ተጭኖ ያስቆማል። በዚያን ጊዜ በመቆጣጠሪያ ሰሌዳው ላይ ያለው የቁጥር ሰዓት ይቆምና በቁጥሮቹ ፋንታ «ፉ» የሚል ትርጉም የለሽ ቃል ይወጣል። ይህች ቃል ዛሬም በዓለም ዙሪያ ፕሮግራም የሚማሩ ልጆች በመለማመጃቸው ላይ ስም ላልወጣለት ነገር የሚሰጧት ስም ናት።

አንድ ሪሌ ያው መቀየሪያ ነው፤ ወይ ተዘግቷል፣ ወይ ተከፍቷል። ሁለቱን በተከታታይ ቢያያይዟቸው ኤሌክትሪኩ የሚያልፈው ይህም ያም ሲዘጋ ነው፤ ጎን ለጎን ቢያያይዟቸው ይህ ወይም ያ ሲዘጋ ነው። በዚያው ተቋም ተማሪ የነበረው ክሎድ ሻነን በ1937 በጻፈው የማስተርስ ጥናት ይህንን ጉዳይ ወደ ሒሳብ ለውጦታል። እንግሊዛዊው ጆርጅ ቡል በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለሐሳብ ሕግ ያወጣው አልጄብራ የሪሌን ሰንሰለት በትክክል እንደሚገልጽ አሳየ። የኮምፒውተር ውስጥ አካል የቆመው በዚህ ላይ ነው። የባቡር ክበቡ ልጆች ይህን የተማሩት ከመጽሐፍ ብቻ አይደለም። «ይህ መቀየሪያ ወደ ግራ ከሆነ፣ ያ ክፍልም ባዶ ከሆነ፣ ባቡሩ ይለፍ» የሚለውን ዓረፍተ ነገር በሽቦና በብየዳ ይጽፉት ነበር። ኮምፒውተር ሳያገኙ ፕሮግራም ጻፉ ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የክፍሉ ሕግም ከሥራው ጋር ይሄዳል። 40 ሰዓት በሐዲዱ ላይ የሠራ ሰው የክፍሉ ቁልፍ ይሰጠው ነበር። ማን እንደሆነ፣ ምን ነጥብ እንዳመጣ፣ የማን ልጅ እንደሆነ አይጠየቅም፤ እጁ ይጠየቃል። በዚያ ክፍል በብልሃትና በለዛ የተሠራ ሥራ፣ ለጥቅም ሳይሆን ለሥራው ደስታ ሲባል የተለፋበት ነገር «ሃክ» ይባል ጀመር፤ የሚሠራውም «ሃከር»። ከአባላቱ አንዱ ፒተር ሳምሰን በ1959 የክበቡን ልዩ ቃላት በመዝገበ ቃላት ሲሰበስብ ይህንንም አካቶታል።

የመስኮቱ ሰዎች

በዚያው ዘመን ተቋሙ ትልቅ ኮምፒውተር ነበረው፤ አይቢኤም 704። ማሽኑን መንካት የሚፈቀድላቸው ኦፕሬተሮች ብቻ ነበሩ። ተጠቃሚው ፕሮግራሙን በካርድ በስቶ ያስረክባል፤ ይጠብቃል፤ ከሰዓታት ወይም ከቀናት በኋላ ውጤቱን ይቀበላል። አንዲት ነጥብ ከተሳሳተ እንደገና ወረፋ ይይዛል። በመንግሥት መሥሪያ ቤት መስኮት ፊት «ነገ ተመለስ» የተባለ ሰው ሁሉ ይህን ስሜት ያውቀዋል። ለባቡር ክበቡ ልጆች ይህ የማይዋጥ ነበር። ከጠረጴዛው ሥር የለመዱት መንካትን፣ ወዲያው ማየትን፣ ወዲያው ማረምን ነው።

በ1958 ሌላ ማሽን መጣ። ቲኤክስ-0 የሚባለው ይህ ኮምፒውተር በትራንዚስተር ከተሠሩት የመጀመሪያዎቹ አንዱ ሲሆን ከሊንከን ላቦራቶሪ በውሰት የተሰጠ ነበር። ሰው ፊቱ ተቀምጦ ይሠራበታል፣ ሲሳሳት እዚያው ያርመዋል። የክበቡ የቀድሞ አባል የነበረው ጃክ ዴኒስ መምህር ሆኖ ስለነበር ለነዚያ ተማሪዎች በሩን ከፈተላቸው። ወረፋ የያዘ ሰው ቀርቶ እንደሆነ ብለው በሌሊት ሳይቀር ይጠብቁ ጀመር። በ1961 ፒዲፒ-1 ሲመጣ ስቲቭ ራስልና ጓደኞቹ «የጠፈር ጦርነት» የሚባለውን ጨዋታ ሠሩበት፤ በ1962 ጨዋታው ተጠናቀቀ። ሁለት ተጫዋቾች የኮምፒውተሩን ቁልፎች እየተሻሙ ክንዳቸው ሲዝል፣ አለን ኮቶክና ቦብ ሳውንደርስ ከባቡር ክበቡ በተገኘ ቁርጥራጭ ዕቃ የመጫወቻ መቆጣጠሪያ ሳጥኖች ሠሩላቸው። የሐዲድ መቀየሪያ ጥያቄ ወደ ጠፈር መንኮራኩር ተሻገረ ማለት ነው። ኮቶክ በኋላ የፒዲፒ-10 ኮምፒውተር ዋና ነዳፊ ሆኗል።

አንዱ ክር፣ ሁለቱ ጫፍ

ይህን ታሪክ የሚወዱ ሰዎች ብዙ ጊዜ እንደ ተረት ይተርኩታል፦ በመጀመሪያ ንጹሓን ሃከሮች ነበሩ፣ ከዚያ ሌቦች መጥተው ስማቸውን ወሰዱባቸው። እውነቱ እንዲህ የተለየ አይደለም። በኅዳር 1963 የተቋሙ የተማሪዎች ጋዜጣ አንድ ዜና አወጣ። የስልክ አገልግሎት የተገደበው «ሃከር» በሚባሉ ተማሪዎች ምክንያት እንደሆነ የሚገልጽ ነበር፤ በስልክ መስመር ውስጥ ገብተው ያልተከፈለበት የሩቅ ጥሪ ያደርጉ፣ የማይገባቸውን መስመር ይይዙ ነበር። አቤቱታው የመጣው ከተቋሙ የስልክ አስተዳደር ነው። ከዓመታት በፊት ለባቡር ክበቡ ልጆች የስልክ ዕቃ በር የተከፈተው በዚያው በስልክ አስተዳደሩ በኩል ነበር።

ይህ አጋጣሚ ብዙ ይናገራል። የስልክ ማዞሪያን በጠረጴዛ ሥር ፈትቶ የገጠመ ሰው በግድግዳው ውስጥ የሚያልፈውንም ስልክ ያውቀዋል። ዕውቀቱ አንድ ነው፣ ጣቱም አንድ ነው፤ የሚለየው የሚነካው ነገር የማን መሆኑ ነው። በክበቡ ክፍል ውስጥ ሐዲዱ የሁሉ፣ ማቆሚያውም የሁሉ ስለነበረ መንካት ሥራ ነበር። ከክፍሉ ውጭ መስመሩ የሌላ ሰው፣ ሒሳቡም የሌላ ሰው በመሆኑ ያው መንካት ጥፋት ሆነ። በ1980ዎቹ ጋዜጦች ሁለተኛውን ትርጉም ይዘው ሮጡ። ስቲቨን ሌቪ በ1984 ስለ ሃከሮች ባሳተመው መጽሐፍ የመጀመሪያውን ትርጉም ከነባቡሩ መዝግቦ አስቀመጠ፤ ሩጫውን ግን አላስቆመም። ቃሉ በዓለም ዜና ሲናኝ ከወንጀል ትርጉሙ ጋር ነበር፤ አማርኛም የተረጎመው በዚሁ ነው።

ሆኖም አማርኛ የመረጠው ግሥ ከሚታሰበው በላይ ሀብታም ነው። «ጠለፈ» ያለ ሰው ብዙ ነገር ሊል ይችላል። የሚሮጥን ሰው እግር ማሰናከል መጥለፍ ነው። ልጃገረድን አፍኖ መውሰድ ጠለፋ ነው። አውሮፕላን ይጠለፋል፤ ስልክም ይጠለፋል። ከዚህ ሁሉ ክፋት ጎን ግን የሐበሻ ቀሚስ ጥልፍ አለ። ጥልፍ ጠላፊዋ ክሩን ከጨርቁ ሥር አውጥታ፣ ደግሞ አስገብታ፣ ቆጥራ፣ መስቀልና ሐረግ ታወጣለች። የላዩ ውበት በሥሩ ባለው ክር መስቀለኛ መንገድ ላይ የቆመ ነው። የላዩን ብቻ የሚያይ ያደንቃል፤ ሥሩን ገልብጦ የሚያይ ሥራውን ይረዳል። በጠረጴዛ ሥር ተንጋልለው 1,200 ሪሌ ያያያዙት ተማሪዎች በአማርኛ ስም ይውጣላቸው ቢባል «ጥልፍ ጠላፊ» ከሚለው የሚቀርብ ቃል ማግኘት ይከብዳል።

ዛሬ ሞዴል ባቡር ለሚሠራ ሰው ምርጫው ሰፍቷል። ጀርመናዊው በርንድ ሌንዝ ባስጀመረውና በኋላ አሜሪካኖቹ መለኪያ ባደረጉት የዲጂታል ሥርዓት ትእዛዙ የሚያልፈው በሐዲዱ ውስጥ ነው። እያንዳንዱ መቀየሪያ የራሱ ቁጥር አለው፤ ቁጥሩን የሰማው ብቻ ይታዘዛል። 150ው ሽቦ ወደ ሁለት ወርዷል፤ መደወያው ዲስክም የኪስ ስልክ ሆኗል። አብዛኛው አማካሪ ለጀማሪ የሚሰጠው ምክር ግን አልተለወጠም፦ መጀመሪያ ስንት ሰው እንደሚነዳ፣ መቀየሪያው ከነጂው ምን ያህል እንደሚርቅ፣ ሲበላሽ ማን ከሥሩ ገብቶ እንደሚጠግነው ጠይቅ። የመሣሪያው ዓይነት ከዚያ በኋላ ይመጣል።

20ኛው ሕንፃ ፈርሷል፤ ክበቡ ወደ ሌላ ሕንፃ ተዛውሮ አለ። ቃሉም በአማርኛ ሁለት ቦታ ተከፍሎ ይኖራል። አዲስ አበባ ውስጥ ወጣቶች ተሰብስበው ሌሊት ሙሉ ፕሮግራም ሲሠሩ ዝግጅቱ «ሃካቶን» ይባላል፤ ስሙ ሳይተረጎም፣ በሽልማትና በጭብጨባ። የአንድ ሰው ሒሳብ ሲበረበር ደግሞ አድራጊው በንጹሕ አማርኛ «ጠላፊ» ይባላል። የሚመሰገነውን በባዕድ ስሙ፣ የሚወገዘውን በራስ ቋንቋ መጥራት ለልጆቹም ለቋንቋውም ደግ አይደለም። ከሥሩ ገብቶ እንዴት እንደሚሠራ ማየት የሚፈልግ ልጅ በአማርኛ የሚከብርበት ስም ያስፈልገዋል፤ ስሙም ከሩቅ አይመጣም፤ በእናቱ ቀሚስ ጥለት ላይ ተሰፍቶ ይገኛል።